ጥርባ ላይ የቆመው ነጥብ

የዞናችንን የአምቡላንስ ስምሪት የማስተባብረው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ከሾፌሮቹ አንዱ ነበር። ለባሏ ታደላለች እንዳልባል ቢሮ ውስጥ «እርስዎ» እለው ነበር። እሱም ቤት ሲገባ፣ «አለቃዬ፣ ጫማዬን ላውልቅ ወይስ ማመልከቻ ልጻፍ?» እያለ ይቀልድብኛል።

መኪኖቹ ላይ ጂፒኤስ ሲገጠም ከሁሉም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። ድሮ ሾፌር «እየመጣሁ ነው» ካለ ከማመን ሌላ ምርጫ አልነበረንም። አሁን እያንዳንዱ መኪና ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ሆነ፤ ሲቆም ይቀላል።

የባለቤቴ ነጥብ ጥርባ ሐይቅ አጠገብ መቅላት ጀመረ። ወላዶችን ጥሊሊ አድርሶ ባዶውን ወደ እንጅባራ ሲመለስ ነው የሚቆመው። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ ቆይቶ ሃያ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሾፌሮቹ አጉረመረሙ። በስብሰባ ላይ አንዱ፣ «የእኛ ሲቀላ ስልክ ይጮሃል፤ የአንዳንዱ ሲቀላ ግን ሐይቅ መጎብኘት ይባላል» አለ። ሁሉም ሳቁ። ባለቤቴም ሳቀ።

«ለምንድን ነው የሚቆሙት?» አልኩት፣ በሰው ፊት።

«ትንሽ አየር ልወስድ ነው።»

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠሁት። ተቀብሎ ፈረመ። «ፊርማሽ አምሯል» አለኝ። ማታ ቤት ስንገናኝም አላነሳሁበትም፤ የቢሮውን በቢሮ ትቼ የመጣሁ መስሎኝ።

ሁለት ወር ሳይሞላው በልብ ሕመም ሞተብኝ። ሐኪሙ፣ «ከዚህ በፊት ይደክመው ነበር? መንገድ ላይ እየቆመ ያርፍ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱ ከነቀኑ፣ ከነደቂቃው ቢሮዬ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። በየቀኑ እያየሁት ነው ያላየሁት።

ከአርባው በኋላ ሥራ ገባሁ። ባለፈው ሰኞ ስልክ የምትቀበለው ልጅ፣ «እትዬ፣ ጥሪ የተሰጠው መኪና መንገድ ላይ ቆሟል። ልቆጣው?» አለችኝ። ስልኩን ተቀብያት ለሾፌሩ ደወልኩ።

«ደህና ነህ? ደረትህን ያምሃል?» አልኩት።

«ኧረ ደህና ነኝ፣ እትዬ። ድንች እየገዛሁ ነው። ለእርስዎም ልያዝ?»

ልጅቷ ሳቀች። እኔ «ምጥ የያዛት ሴት እየጠበቀችህ ነው፤ ቶሎ ሂድ» ብዬ ዘጋሁት። ደግነቱ ደረሰላት።

ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ልጅቷ ደብዳቤውን አዘጋጅታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኛለች። ዛሬ ሐሙስ ነው። አልፈረምኩም።