ለባቻ ያልተለወሰው ጩኮ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ቢጠለል ምን ይተርፈዋል? የነቀምቱ ባቻ ዕድሜውን የፈጀው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የሰው ሻንጣ ሲጭንና ሲያወርድ ነው። ከሱ ዕድሜ ተጠልሎ የቀረው ምናልባት አንድ ቅናት ብቻ ይሆናል፤ ቅናትም ቢሆን ከምንም አይበቅልም።

ባቻና ታናሽ ወንድሙ ነመራ አንድ ትምህርት ቤት ነበሩ። አባታቸው ሲሞት ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ «አንዱ ይማር፣ አንዱ ያስተምር» ብለው ፈረዱ። ማስተማሩ ለታላቁ ደረሰ። ባቻ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ የአውቶቡስ ረዳት ሆነ፤ የነመራን ደብተርም ጫማም ገዛ። ያን ጊዜ ቅናት የሚባል አልነካውም። የገባበት ነመራ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው፤ የገባውም በአንዲት ቅል ጩኮ በኩል ነው።

እናታቸው አዴ ሎሚ «ልጄ በሰው አገር ምን ይበላል?» እያሉ የተቆላ ገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ይለውሳሉ። ቅሉን ጢም አድርገው ሞልተው ክዳኑን በነጭ ጨርቅ ያስራሉ፤ ሲያስሩም «ለነመራ» ይላሉ፣ እንደ ጸሎት። ለጩኮው ሲባል የቤቱ ወጥ ያለ ቅቤ መሠራት ጀመረ። ባቻ አንድ ቀን ከመለወሻው ጠርዝ በጣቱ ጠረግ ቢያደርግ፣

«እጅህን ሰብስብ! የተማሪ ስንቅ ነው» አሉት።

ቅሉን በአውቶቡሱ ጣሪያ ፖርቶመጋላ ላይ አስሮ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ደግሞ ራሱ ባቻ ነው። ሾፌሩ ሽብሩ ባየው ቁጥር ይስቅበታል።

«ያ ወንድምህ እስካሁን ጡት አልጣለም?»

«አንተ መሪህን ያዝ» ይላል ባቻ።

አንድ ጊዜ ነመራ ወደ መኝታ ክፍሉ አስገባው። የብረት አልጋ፣ ነጭ አንሶላ፣ ሁለት ብርድ ልብስ። ባቻ አንሶላውን በጣቱ ዳሰስ አደረገና፣

«ይህን ማን ያጥብልሃል?» አለ።

«ዩኒቨርሲቲው ነዋ።»

«ስትታመምስ?»

«ክሊኒክ አለን፤ በነፃ ነው። የኪስ ገንዘብም ይሰጡናል፣ አይበቃም እንጂ። ምግቡማ አይነሳ! ሥጋ የሚሰጡን አልፎ አልፎ ነው፤ አንበላም ብለን ልናድም ነው።»

ባቻ ጎንበስ አለ። ዓይኑ አልጋው ሥር ሄዶ ነበር። ባለፈው ያመጣት ቅል አቧራ ለብሳ ተቀምጣለች፤ ነጩ ጨርቅ አልተፈታም።

ነመራ ዓይኑን ተከትሎ አየና አፈረ። «ወንድሜ፣ እኔ ምን ጎደለኝ? ዛሬ ያመጣኸውንም ያንንም ውሰድና መንገድ ላይ ብላ።»

የባቻ አፍ ውሃ ሞላ። እጁን ዘረጋ። ጨርቁን ሲነካ ግን የእናቱ ቋጠሮ በጣቱ ተሰማው፣ «ለነመራ» የተባለበት። ቅሏን መልሶ ወደ አልጋው ሥር ገፋት። መንግሥት ወንድሙን ቢያበላ፣ ቢያለብስ፣ ቢያክም፣ ይሁን፤ መንግሥት የሚመርጠውን ይመርጣል። የእናት እጅ ጠግቦ የሚያድረውን መርጦ ሲሄድ ነው ቅናት የገባበት።

ነቀምት ሲመለስ እናቱን፣ «ሃርሜ፣ ልጅሽ እዚያ ጠግቦ ነው የሚያድረው» አላቸው። ያልተፈታውን ቋጠሮ ግን አልተናገረም፤ ሲቀናም ጨካኝ አልነበረም።

«የመንግሥት እንጀራ እናት አይሆንም» አሉ።

«እንግዲያው እኔም መንገደኛ ነኝ። አንድ ቅል በስሜ ለውሺልኝ።»

አዴ ሎሚ ከልባቸው ሳቁ። «አንተማ አጠገቤ አይደለህ? ምን ጎደለህ?»

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። ባቻ በቅርብነቱ ተቀጣ። ነመራ ተመርቆ ደህና ሥራ ያዘ፣ ሚስት አገባ፤ ቅሉ መሄዱን አላቆመም። በመጨረሻ ባቻ ራሱ ለምኖ ከአዲስ አበባው መስመር ወደ ደምቢ ዶሎው ተዛወረ፤ ከቤት ርቆ እዚያው ሊያድር ነው። ከርቀት የሚገኝ ነገር ካለ ብሎ ይሆን?

በሚሄድበት ጠዋት እናቱ ቅል እያሰሩ ደረሰ። አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«ሃርሜ፣ አሁንስ እኔም ሩቅ ነኝ። ሌላ ባዶ ቅል አለሽ አይደል? ባዶውንም ቢሆን እሰሪና ‹ለባቻ› በዪልኝ።»

አዴ ሎሚ ቋጠሮውን በጥርሳቸው አጠበቁ። «ጨዋታህን ተው ልጄ» አሉት፤ «ይልቅ ይህን ለአዲስ አበባው ረዳት አድርስልኝ። አደራህን፣ እንዳይደፋ።»