ቀፎ የሚያልፍበት ቀዳዳ

ሚዛን ከተማ ላይ ቤት የሚነድፍ ሰው ከሁሉ በፊት ዝናቡን ማክበር አለበት። ሌላውን፣ እግዚአብሔርንም ጨምሮ፣ ቀስ ብሎ መለመን ይቻላል። ይህን የተማርኩት ትምህርት ቤት አይደለም። ፎቶ ኮፒ ቤት ስሠራ ደንበኛ በጠፋ ሰዓት በስልኬ የሰው አገር ቤት እያየሁ፣ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ በማስመሪያ እያሰመርኩ ነው።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። እሷና አንድ ሞባይል ሠሪ ጎን ለጎን ተከራይተው ይሠሩም ይኖሩም ነበር። አከራያቸው ልቀቁ ሲላቸው አልለቀቁም። ስለዚህ "ለእድሳት" ብሎ የአክስቴን በር ገንጥሎ ወሰደ። እሷም በበሩ ቦታ መጋረጃ፣ በስፌት መኪናዋ ላይ ላስቲክ ጣል አድርጋ መኖር ቀጠለች። በመጨረሻ ሁለቱ ያላቸውን አዋጥተው አማን በኩል አንዲት ያረጀች ቤት ከነግቢዋ ገዙ። አሮጌዋን ቤት አፍርሰው ፊት ለፊት የሚሠሩበት፣ ከኋላ የሚኖሩበት የጋራ ቤት ፈለጉ፤ ያውም ክረምቱ ሳይጠነክር። ንድፉን የሰጡት ለእኔ ነው። በነጻ የሚሠራ ሌላ ሰው አልነበረማ።

የመጀመሪያው ንድፌ ጣሪያው ላይ ሳር የበቀለበት ነበር። አክስቴ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

"ይሄ አረንጓዴው ምንድን ነው?"

"ሳር ነው። ቤቱን ያቀዘቅዛል።"

"ጣሪያ ላይ? አንተ ልጅ፣ ሳሩን አውርደን ቆርቆሮ እስክንመታ ያየነውን አበሳ ታውቃለህ? ጭራሽ መልሰህ ልትጭንብን ነው?"

ሞባይል ሠሪው ደግሞ ከላይ እስከ ታች መስታወት አማረው። "እንደ ባንክ" አለ። ባንክ ውስጥ ሰው ወጥ እንደማይሠራ ልነግረው አስቤ ተውኩት።

የግቢው መሐል ላይ አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ። ሞባይል ሠሪው ሲያየው በርና መስኮት ታየው፤ አክስቴ ስታየው አሸንዳ የሚደፍን ቅጠል። እኔ ጥላውን ፈልጌዋለሁ፤ ግን መከራከር አልወድም። በሠራሁት ወረቀት ሁሉ ላይ ዛፉን እየሳልኩ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ስምምነት ቆጥረው መጥረቢያ ያለው ሰው ጠሩ።

ሰውየው ገና ጃኬቱን ሲያወልቅ አንድ ሽማግሌ በአጥሩ ክፍተት ገቡ። በብትራቸው ወደ ላይ ጠቆሙ። ቅጠሉ መሐል፣ ማናችንም ቀና ብለን ያላየነው ረጅም የግንድ ቀፎ ተጋድሟል።

"ቀፎዬ የት ሊተኛ ነው?"

"አባባ፣ ቦታውን ገዝተናል፤ ምስክር አለን" አለች አክስቴ።

"መሬቱን ገዛችሁ። ላዩን ማን ሸጠላችሁ?"

እዚያ ዛፍ ላይ መጀመሪያ ቀፎ የሰቀሉት አባታቸው ናቸው። በአገሩ ሰው ደንብ ከሥሩ ማንም ይረስ ማን፣ የዛፉ ማር የሰቃዩ ቤተሰብ ነው። የአክስቴ ወላጆች ከሰሜን የመጡ ስለሆኑ ባታውቅ አይፈረድባትም። ወደ ሞባይል ሠሪው ዞረች።

"አንተ የአገሩ ልጅ አይደለህም እንዴ?"

"እትዬ፣ እኔ ያደግኩት ከተማ ነው። ማር የማውቀው በጀሪካን ነው።"

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ዛፉ ይቆማል፤ ለባለቀፎውም መንገድ ይተውላቸዋል። አዲስ ቀፎ በዚያ መንገድ አስገብተው እስኪሰቅሉ ድረስ ደግሞ እቤቱ ውስጥ ማንም አያድርም ተባለ። አክስቴ በር የሌለው ቤቷን አስባ ተነፈሰች።

እኔ በሆዴ ደስ አለኝ። ዛፉን መሐል አድርጌ ክፍሎቹን በሁለት ረድፍ ደረደርኩ። ግድግዳው ከዚያው ከግቢው ጭቃ፣ ኮርኒሱ ከማሻ በመጣ ቀርከሃ ሆነ። ዝናብ ግድግዳውን እንዳይልሰው ጣሪያውን አንድ ክንድ ወደ ውጭ አስወጣሁት፤ መሠረቱንም እስከ ጉልበት በድንጋይ አነሳሁት። በዛፉ ዙሪያ ሁለቱም የሚሠሩበት ሰፊ በረንዳ መጣ። ከመንገድ እስከ ዛፉ፣ በሁለቱ ረድፍ መሐል፣ በር የሌለው መተላለፊያ ተውኩ።

"ሽማግሌው በገቡ ቁጥር ጓዳዬን ሊያዩት ነው?" አለች አክስቴ።

ስለዚህ መተላለፊያውን አጠፍኩት። ስፋቱን እንዳልሳሳት በአክስቴ ሜትር የሽማግሌውን ትከሻ ለካሁ፤ ብትራቸውን ሳይቀር። እጃቸውን ዘርግተው "ኮት ልታሰፋልኝ ነው?" አሉኝ። በልኬቴ ኮራሁ።

ቀኑ ደረሰ። ጣሪያው ተመትቷል፣ ጭቃው ገና እርጥብ ነው፣ ሰማዩ ያጉረመርማል። አክስቴ ከአሁን አሁን እገባለሁ ብላ የስፌት መኪናዋን በባጃጅ ጭና ደጅ ላይ ቆማለች። ሽማግሌው ከቁመታቸው የሚረዝም ቀፎ በትከሻቸው ተሸክመው ገቡ፤ መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። የቀፎው አፍ የአክስቴን ጓዳ ግድግዳ፣ ጭራው የሞባይል ሠሪውን ግድግዳ ነክቷል። ወደ ላይ እንዳያቆሙት ዝቅ ብሎ የወጣው ጣሪያ አለ፤ በሌላ በኩል እንዳይዞሩ የጎረቤት አጥር አለ።

ሽማግሌው በቀፎው ሥር አዩኝ። "እኔን ለክተሃል" አሉ። "ዛፍ ላይ የምኖረው ግን እኔ አይደለሁም።"

ዝናቡ ጀመረ። የባጃጁ ሹፌር ልሂድ አለ።

"አፍርሰው!" አለች አክስቴ ከደጅ።

"ግድግዳውን?" አለ ሞባይል ሠሪው።

"ታዲያ ሽማግሌውን ላፍርስ?"

ምስማር አንስቼ በቀፎው አፍ ዙሪያ ግድግዳው ላይ ክብ ሠራሁ። ክቡን ሳልጨርስ ሞባይል ሠሪው ገጀራ አቀበለኝ። እርጥቡ ጭቃ ወዲያው ለቀቀ፤ ማገሩ ትንሽ ታገለኝ። ሽማግሌው አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ፤ የቀፎው አፍ ጓዳው ውስጥ ገባ፣ ጭራው ዞረ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ስበው አወጡትና ወደ ዛፉ አለፉ። ሞባይል ሠሪው ሃሌሉያ አለ፤ አክስቴ አማተበች። ቀፎው ለሁለቱም አላዳላም። እላይ ሲሰቀል የስፌት መኪናዋ ገብቶ ነበር።

ቀዳዳውን ልደፍነው ስል አክስቴ ከለከለችኝ። "ሌላ ቀፎ ሲያመጡ መልሰህ ልትቆፍር ነው?"

ንድፉን አስተካክዬ ቀዳዳውን ጨመርኩበት። ያልጨመርኩት ሽታውን ነው። የሞባይል ሠሪው ማብሰያ ከመተላለፊያው ማዶ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ጥብሱ በቀዳዳው ቀጥ ብሎ አክስቴ ጓዳ ይገባል። በእነዚህ ቀኖች ከስፌት የተረፈ ጨርቅ ጠቅጥቃ ትወትፈዋለች፤ ማዶ ያለውን የጴንጤ ሆዳም እያለች። ሽማግሌው ቀፎ ተሸክመው ከመንገድ ሲጣሩ ግን ዓርብ ነው ስቅለት ነው አትልም።

"ይሄኛው ኃጢአት የንቡ ነው" ትልና ውታፉን ትነቅላለች።