የዘርፈሽዋል ሳል

የአንድ ሰው ዕድሜ እንደ ገብስ ተወቅቶ ለነፋስ ቢሰጥ፣ እብቁ በንኖ ሲያልቅ ምርት ብሎ የሚቀረው ምን ያህል ነው? ለትልልቆቹ ታሪካቸውን የሚሰፍርላቸው አይጠፋም። የዘርፈሽዋልን ግን ማን ይስፈርላት? ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የጠጠር መፍጫ፣ አፍና አፍንጫዋን በነጠላ ጠቅልላ፣ ከማሽኑ ሥር የሚፈሰውን ደቃቅ በአካፋ ስትጠርግ የኖረች ሴት ናት። በመኪና የሚያልፍ መንገደኛ ከድንጋዩ ክምር ለይቶ አያያትም።

ድሮ ገበሬ ነበረች። ባሏ ሞቶ መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል፣ ለእሷ የተረፋት የቤቱ ጥግ ብቻ ሆነና ወደ ጠጠሩ መጣች። አቧራ ለእሷ እንግዳ አልነበረም። እህል በሰፌድ ስታነፍስ ለነፋሱ ጀርባዋን መስጠት ከልጅነቷ የለመደችው ነው። በመፍጫው ግን ነፋሱ ከወዴት እንደሚመጣ አይታወቅም። ወዴትም ብትዞር አቧራው ከፊቷ ነው።

ሳሉ ሲጀምራት ጉንፋን መሰላት፤ ነጭ ሽንኩርት በማር ዋጠችበት። አልሄድ ሲላት ጸበል ገባች። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠ፤ እንደገና አዳመጠ፤ ከዚያ፣ “እናቴ፣ ጎንደር ሄደሽ መመርመር አለብሽ። ይሄ በአንድ ቀን መድኃኒት የሚያልቅ አይደለም” አላት። ጎንደር መሄዱስ ባልከፋ፤ ሄዶ መታከሚያው ከየት ይመጣል?

እንግዲህ የሠራተኛ ማኅበሩ ከድርጅቱ ጋር የኅብረት ስምምነት ሊፈራረም ድርድር የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ከተያዙት ጥያቄዎች አንዱ፣ በአቧራው የታመመ ሠራተኛ በድርጅቱ ወጪ ይታከም፣ ከሥራ ቢወጣም እንኳ ሕክምናው አይቋረጥበት የሚል ነበር። ዘርፈሽዋል ጆሮዋን የሰጠችው ለዚህ ብቻ ነው። “የደመወዙን እናንተ ተከራከሩ፤ እኔ የደረቴን ነገር ነው የምጠብቀው” ትላለች።

ድንጋይ ጫኙ ቻላቸው ይቀልድባታል። “እትዬ ዘርፈሽዋል፣ ይሄ ማሽን የተበላሸ ዕለት አንቺን ነው የምናስነሳው። ሳልሽ እኮ አለት ይፈጫል!”

“አፍህን ጠጠር ይሙላውና! ቆይ፣ አንተንም ሲይዝህ አያለሁ!” ትለዋለች። ትስቃለች፤ ሳቋ ሳል ይሆንና ጎንበስ ትላለች። ያን ጊዜ ቻላቸው ራሱ ውሃ ያቀብላታል።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ዓለምነህ ናቸው። በአገሩ ደም ያስታረቁ፣ የፈረሰ ትዳር ያቆሙ፣ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ። “ነገር ያውቃሉ” ተብለው ተመረጡ፤ እውነትም ያውቃሉ። ግን የሚያውቁት ጠብን ማብረድ ነው። ድርድር ጠብ መሆን አለመሆኑን ማንም አልጠየቀም። በማስታረቅ የኖረ ሰው፣ ሳይታረቁ መቆየት የሚያስፈልግበት ጊዜ እንዳለ በምን ይወቀው?

የሕክምናው ጥያቄ በተነሳበት ስብሰባ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ማዕረግ የሚባለው፣ ትዕግሥት አለቀበት። የአገሩ ልጅ ነው፤ የት እንደሚያም ያውቃል። “የሳለ ሁሉ ከእኔ ጠጠር ነው እንዴ የሳለው? እናቶቻችሁ በኩበት ጭስ እየሳሉ አይደለም የሞቱት?” አለ።

ጋሽ ዓለምነህ ተነሡ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ወሬው መፍጫው ዘንድ ሲደርስ አካፋ ሁሉ ወደቀ፤ ሥራ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሕክምና የሚያወራ ጠፋ። የሰው ሁሉ አፍ፣ “እናታችንን ሰደበ” ብቻ ሆነ። ሕክምና የጠየቀ ሕዝብ በአንድ ጀምበር ክብሩን ጠያቂ ሆነ። ክብር ደግሞ ለሰጪው ከሕክምና ይቀልለዋል።

ዘርፈሽዋልም ተቆጥታለች፤ ቁጣዋ ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም። እናቷ እውነትም ምድጃ ዳር እየሳለች ነው የሞተችው። “ምናልባት ከእሷ የወረስኩት ይሆን?” እያለች ከራሷ ጋር ትሟገታለች።

ሽማግሎች ገቡ። አንድ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ሠራተኛው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ማዕረግ ጫማውን አውልቆ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። “አጥፍቻለሁ፤ ስለ እመቤታችን ይቅር በሉኝ” አለ። በዚያ አገር ድንጋይ የተሸከመን ሰው አቁሞ ማነጋገር ጭካኔ ነው። “ይቅር ለእግዚአብሔር!” አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ። የዘርፈሽዋልም አፍ አብሮ አለ። ድንጋዩ ወረደ፤ ቄሱ መረቁ፤ አንዳንዱም አለቀሰ።

ዘርፈሽዋል ወደ ጋሽ ዓለምነህ ተጠግታ፣ “የሕክምናውስ ነገር?” አለቻቸው በሹክሹክታ።

“ዛሬ? ሰው አንገቱን ደፍቶ በቆመበት? ነውር ነው፣ ልጄ። ይደር።”

አደረ። ድርድሩ ሲቀጥል ጋሽ ዓለምነህ ጥያቄውን አንስተውት ነበር። ማዕረግ በትሕትና፣ “አባቴ፣ ታርቀን የለም እንዴ? ያስታረቁን ሽማግሎች ይህን ሲሰሙ ምን ይሉናል?” አላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሰውን “ይቅር ያላችሁትን አታንሱ” ሲሉ የኖሩት አዛውንት ጥያቄውን ትተው ወደ ደመወዙ አለፉ። ስምምነቱ ተፈረመ። ደመወዝ ጥቂት ተጨመረ፤ ለአቧራው የአፍ መሸፈኛ ጨርቅ ተፈቀደ። ሰው ደስ አለው። የታመመ ካለ በግሉ ወደ ቢሮ መጥቶ ያመልክት፣ ይታይለታል ተባለ።

ዘርፈሽዋል የምትቀየመው ሰው አጣች። ማንን ትቀየም? ይቅር ባዩን ወይስ ይቅር የተባለውን? ከፋሲካ ወዲህ ከአክታዋ ጋር ደም እያየች ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ማሽኑ ጸጥ ሲል፣ ተነሥታ ባልደረቦቿ ፊት ቆመች።

“ቢሮ ልገባ ነው” አለች። “ብቻዬን ብገባ የእናቷን በሽታ ይዛ ልመና መጣች እባላለሁ። ከእናንተ አንድ ሰው ከጎኔ ይቁምልኝ። ስትመጣ ደህና ነበረች፣ እዚያ አቧራ ውስጥ ቆማ ነው የታመመችው ይበልልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።”

ቻላቸው የጫማውን ማሰሪያ ይፈታና ያስር ጀመር። ጋሽ ዓለምነህ፣ “አሁን ሰላም በወረደ ማግስት...” ብለው ሳይጨርሱት ተዉት።

“ጋሼ፣ አንቱም ባይመችዎ ማንም ይሁን” አለች። “አንድ ሰው ብቻ።”

አብሯት የገባ የለም።