ጥያቄ የሌላቸው ሃያ መልሶች

የተያዝኩት ጁባ፣ ካቶር ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ረቡዕ ነበር፤ ከምሳ በኋላ። ዩኒፎርም ያልለበሱ ሁለት ሰዎች መጥተው ቦርሳዬን አራገፉት። ማበጠሪያ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የተጀመረ ብስኩት፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት። ወረቀቱን ሲዘረጉት ከአንድ እስከ ሃያ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ከየቁጥሩ አጠገብ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል። ሌላ ምንም የለበትም። አንደኛው ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ጀርባውም ባዶ ነው። "ተነሺ" አለኝ፤ ቆሜ እያለሁ።

ያስገቡኝ የጭነት ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ከጎኑ ተቆርጣ የተከፈተች፣ እጅ የማታሳልፍ መስኮት አለችው። ብረቱ በፀሐይ ስለሚግል ግድግዳውን መደገፍ አይቻልም። መሃል ላይ አንዲት ሴት ካርቶን አንጥፋ ተቀምጣለች። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሻይ የምትሸጥ፣ በዕድሜ እናቴ የምትሆን ሴት ናት። ስለ ምርጫ የተጻፈ በራሪ ወረቀት ከበርጩማዋ ሥር ተገኘ ተብላ ከገባች ሦስት ቀን ሆኗታል። እሷ ማንበብ አትችልም። እኔ ግን ወረቀቱን አንብቤዋለሁ፤ ማን እንደጻፈውም፣ የት እንደተባዛም አውቃለሁ። የጻፈው ጓደኛዬ ነው።

አራት ነበርን። ሁላችንም አዲስ አበባ አድገን ወደ ወላጆቻችን አገር የተመለስን፣ እርስ በርስ በአማርኛ የምንቀላለድ፣ ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የምንዘጋጅ። ፈተናው ቅዳሜ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ መጽሐፍ መርጠን ኮፒ ለማድረግ ስንነሳ ሁለት ቀረቡልን። አንዱ ወፍራም ነው፤ እያንዳንዱ መልስ ለምን ትክክል እንደሆነ ያብራራል። ሌላው ቀጭን ነው፤ ጥያቄ ብቻ፣ መልሱ መጨረሻ ላይ በፊደል። በራሪ ወረቀቱን የጻፈው ልጅ ወፍራሙን ፈለገ። እኔ ተሟገትኩ። ማብራሪያ ሰው ያሰንፋል፣ ፈተና ላይ የሚያብራራልን የለም አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም፤ ሰልችቷቸው ተስማሙ። ማንም ሰርቆ እንዳያይ ደግሞ መልሶቹ ተነጥለው አንድ ሰው ጋ እንዲቀመጡ ወሰንን። የታመንኩት እኔ ነኝ። ወፍራሙን መርጠን ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ስለ ራሱ በተናገረ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት መርማሪው ፊት አቀረቡኝ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ሰው ነው። የት እንዳደግሁ ነግረውት ኖሮ በአማርኛ ጀመረ።

"እኔም ጋምቤላ ነው የተማርኩት" አለ። "እስቲ ንገሪኝ ያ ቢኒያ፣ አንቺ ልጅ፣ ይህ ኮድ ምንድነው?"

"ኮድ አይደለም። የፈተና መልስ ነው።"

"ጥያቄውስ?"

"ጓደኞቼ ጋ ነው።"

ከአፌ እንደወጣ ተጸጸትኩ። እሱ አልጮኸም። ነጭ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። "ቀላል ነው። ስማቸውን ጻፊ። ጥያቄውን ያመጣሉ፣ እናስተያያለን፣ እውነት ከሆነ ዛሬውኑ ትወጫለሽ። ቅዳሜም ትፈተኛለሽ።"

ክርክሩ እንከን የለውም። ፈራሁ። ቅዳሜን ፈልጌያለሁ፤ በጣም ፈልጌያለሁ። ከፖለቲካ የራቀውን የአንዱን ስም ብቻ ብጽፍስ ብዬም አስቤያለሁ። ግን አንዱ ሲመጣ ሌላው መከተሉ አይቀርም።

"ጥያቄዎቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ" አልኩ። "ወረቀት ይስጡኝና ልጻፋቸው።"

ውሸት ነው። ያን ክፍል ገና አልሠራነውም፤ ጥያቄዎቹን አይቻቸውም አላውቅም። እሱ ግን ትንሽ አየኝና እስከ አሥር ሰዓት ጊዜ ሰጠኝ። ቁጥሩ እንዳይምታታብኝ ብዬ የመልሱን ኮፒም ተቀበልኩ።

ሕግ ልማር የተነሳሁ ሰው ቀኑን ሙሉ ሐሰተኛ ሰነድ ሳዘጋጅ ዋልኩ። አልቀመጥ አለኝ። ኮንቴይነሩ ስምንት እርምጃ ነው። እመላለሳለሁ፣ ተንበርክኬ እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ እንደገና እነሳለሁ። እግሬ ቢቆም እጄ ይቁነጠነጣል።

"ራሴን አዞርሽው" አለችኝ ሻይ ሻጯ በጁባ አረብኛ። "ቁጭ በይና ለእኔ ንገሪኝ።"

"አንዲት ሻይ ሻጭ ዝናብ በዘነበ ቀን ሥራ አትወጣም" አልኳት። "ዛሬ አልወጣችም። ስለዚህ ዛሬ ዘንቧል። ትክክል ነው?"

"ማፊ" አለች። "አልዘነበም። ታስሬ ነው።"

ከገባሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ሰባተኛ ጥያቄ አድርጌ ጻፍኩት። የሰባት መልስ "ዲ" ነበር፤ "ዲ" ላይ "ማወቅ አይቻልም" የሚል አስቀመጥኩ።

አሥር ሰዓት ላይ መርማሪው መነጽሩን አድርጎ ያነባል ብዬ ስጠብቅ ብዕር አንስቶ መሥራት ጀመረ። አንዱን ሠርቶ ከመልሱ ጋር ያስተያያል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እስከ ስድስት ደህና ሄደ። ሰባት ላይ "ዘንቧል" የሚለውን አከበበና ከመልሱ ጋር ሲያየው ተሳስቷል።

"ለምን?" አለኝ።

"ያልወጣችበት ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል።"

"ምን?"

"ታስራ ሊሆን ይችላል።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "የመጽሐፉ ደራሲ ሻይ ሻጯን ያውቃታል?"

ዓይኔን ወደ ሰባተኛው ጥያቄ መለስኩ።

"አንቺ ነሽ የጻፍሽው።"

መካድ እችል ነበር፤ ስዋሽ ነው የዋልኩት። ደክሞኝ ይሁን አፍሬ፣ "አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኩ።

"እንግዲያው እውነተኛው ጥያቄ አሁንም ጓደኞችሽ ጋ ነው።"

"አዎ። ስማቸውን ግን አልጽፍም።"

"ቅዳሜ ያመልጥሻል።"

"አውቃለሁ።"

ነጩን ወረቀት እንደገና ገፋልኝ። ወረቀቱን ለታላቅ ሰው እንደሚሰጥ አድርጌ በሁለት እጄ አነሳሁና ባዶውን መለስኩለት። "ኸላስ፣ በቃ" አለ፤ ወደ ኮንቴይነሩ መለሱኝ።

ቅዳሜ ፈተናው በሚጀመርበት ሰዓት ከግድግዳ ግድግዳ እመላለስ ነበር። አልቅሻለሁ፤ ከሐዘኑ ንዴቱ ይበልጥ ነበር። ሻይ ሻጯን በማግስቱ ለቀቋት። እኔን በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ያለ ምንም ማብራሪያ ሂጂ አሉኝ።

በራሪ ወረቀቱን የጻፈው ጓደኛዬ ሃይ ማላካል ሰፈር ቤታችን ድረስ ሊጠይቀኝ መጣ። እሱ ተፈትኗል። ትንሽ ከተቀመጠ በኋላ፣ "ስማችንን ጠየቁሽ?" አለኝ።

"ጠየቁኝ" አልኩት።

"ሰጠሻቸው?" የሚለውን ቀጣይ ጥያቄ ጠበቅሁ። እሱ ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመረ። እኔ ውስጥ ሳለሁ እሱንም ጠርተው አንድ ቀን ሙሉ ሲጠይቁት እንደዋሉ የሰማሁት በኋላ ነው፤ እሱ ራሱ አልነገረኝም። ከማን ሰምተው እንደጠሩት እኔም አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት ተፈትኜ ገባሁ። አሁን እሱ ሦስተኛ ዓመት ነው፤ እኔ ሁለተኛ። ሴሚስተር በተጀመረ ቁጥር ያጠናባቸውን ማስታወሻዎች ጠርዞ ያመጣልኛል። ይህን አንብቢ፣ ያንን ተዪው፣ ጊዜሽን ይበላል ይለኛል። "ስምህን አልሰጠሁም" ማለት ያምረኛል። ሳልጠየቅ ብናገረው ማስተባበል ይመስልብኛል፤ ስለዚህ ተቀብዬ አመሰግናለሁ። እያመሰገነኝ ይሁን ይቅር እያለኝ፣ እስካሁን አላውቅም።