ውሾቹ ያወቁት ዜማ

ኦዜላ ፕሩዊት በሚስተር ቶርንዌል ቤት ስድስት ዓመት ስትሠራ ስልኩን ለመደወል ያነሣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 14፣ 1943 ነበር። ሰዓቱም ይታወቃል። ከስድስት ሰዓት ከሩብ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ካለችው ከተማ የዱቄት ነጋዴዎች ሸቀጣቸውን የሚያስተዋውቁበት የራዲዮ ዝግጅት የሚተላለፍበት ሩብ ሰዓት ነው።

እሷ በጥጥ እርሻው ወጥ ቤት ትሠራለች፤ ባሏ ሊዮተስ የሚስተር ቶርንዌልን የአደን ውሾች ይጠብቃል። ሊዮተስ ውሾቹን የሚጠራው በሃርሞኒካ ነው። የአሮጊቷን የጁኖን ጎርናና ጩኸት፣ የወጠጤውን የሬንጀርን መሃሉ ላይ የሚሰበር ድምፅ አስመስሎ ሲነፋ፣ የትም ቢሆኑ እየተንደረደሩ ይመጣሉ። ቅዳሜ ማታ በጭፈራ ቤት ይህንኑ ሲነፋ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። በዚያ አገር ባቡርና ውሻ ማስመሰል የማይችል ሃርሞኒካ ነፊ፣ ነፊ አይባልም።

የራዲዮው ሃርሞኒካ ነፊ ለጦርነቱ ተመልምሎ ሲሄድ ሊዮተስ ለሙከራ ተጠራ። ችግሩ መሄዱ ነበር። በለቀማ ወቅት ያለ ፈቃድ ከእርሻው የወጣ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቃል፤ ባለፈው ዓመት ኬልሰን የሚባለውን ሠራተኛ በጭነት መኪና ላይ አስረው መለሱት፤ ቀኝ ክንዱ ከዚያ ወዲህ አልተዘረጋም።

እሑድ ዕለት ኦዜላ በረንዳው ሥር ቆመች።

«ሚስተር ቶርንዌል፣ የሊዮተስ አክስት አርፋ ነው። ለሦስት ቀን ቢፈቅዱለት።»

«ይሄ ሰውዬ ስንት አክስት ነው ያለው? በፋሲካ አንዷን ቀብሯል።»

«አያቱ ወላድ ነበሩ፣ ጌታዬ።»

ሰውየው ሳቀና ፈቀደ።

ሌሊቱን ኦዜላ ባሏን አልለቀቀችውም። «ስምህን ቀይር። የውሾቹን ዜማ ደግሞ እንዳትነካው። ማልልኝ።»

«በእናቴ መቃብር!»

«እናትህ በሕይወት አለች።»

«እንግዲያው በአክስቴ መቃብር።»

ሳቁ። ግን አልማለም፤ እሷም ይህን ያስተዋለችው እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ሚስተር ቶርንዌል በረንዳው ላይ ዶሮ ጥብሱን እየበላ የጥጥ ዋጋ ሰማ። ራዲዮኑን አልዘጋውም፤ ቢዘጋው ኦዜላ ደስ ባላት ነበር። ለዳቦ የምታቦካውን ሊጥ ይዛ በወጥ ቤቱ በር ቆመች።

«እመቤቶች!» አለ አቅራቢው። «የዛሬው እንግዳችን ቢግ ዊሎው ይባላል። ልክ እንደ ዱቄታችን ነው፤ አንዴ ከተነሣ አይወርድም!»

የመጀመሪያው ዘፈን በሰላም አለፈ። ኦዜላ ተነፈሰች።

ሁለተኛው ሲጀምር ከበረንዳው ወለል ሥር ጁኖ ተነሣች።

ጎርናናው ጩኸት ከራዲዮኑ ወጣ፤ ከወለሉ ሥር ተመሳሳይ ጎርናና ጩኸት መለሰ። ቀጥሎ የሚሰበረው ድምፅ መጣ፤ ሬንጀር ወጥቶ ግቢውን እየዞረ ሰው ፈለገ።

«እነዚህን ምን ነካቸው?» አለ ሚስተር ቶርንዌል። ከዚያ ማኘኩን አቆመ። ራዲዮኑን አየ፤ ውሾቹን አየ። «እነዚህ እኮ የኔ ውሾች ናቸው። እዚያ ውስጥ ያሉት!»

ሳህኑን ገፋ። ተቆጣጣሪውን፣ ሚስተር ደቢን፣ ተጣራ። «መኪናውን አስነሣ! ገመድ ያዝ! በጀልባው ወንዙን ተሻግረን እንደርስበታለን!»

አቧራው ሳይሰክን ኦዜላ ስልኩ ፊት ቆማ ነበር። አቅራቢው ለዱቄት ገዢዎች በየቀኑ የሚደጋግመውን ቁጥር እንደ ጸሎት ታውቀዋለች። መያዣውን አነሣች።

«ከየት ነው?» አለች የማዞሪያዋ ሴት።

«ከሚስተር ቶርንዌል ቤት። ዱቄት... ዱቄት ለማዘዝ ነው።»

«እሳቸው ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዱቄት የሚያዙት?»

«ያረጁ ጊዜ የማይሆን የለም፣ እሜቴ።»

ማዞሪያዋ ሳቀችና አገናኘቻት። የጋራውን መስመር ጎረቤት ሁሉ እንደሚያዳምጠው ኦዜላ ታውቃለች። ስለዚህ የባሏን ስም አልጠራችም። መልእክቷን ሁለት ጊዜ ተናገረችና ዘጋች።

ወደ ራዲዮኑ ስትመለስ አቅራቢው እየሳቀ ነበር። «አንዲት እመቤት ከወንዙ ማዶ ደውለው ምን አሉ መሰላችሁ? ‹ለቢግ ዊሎው ንገሩልኝ፣ ጁኖና ሬንጀር ሊጠይቁት በጀልባ እየመጡ ነው።› ዘመዶችህ ናቸው እንዴ ወንድሜ?»

አብሮት የሚጫወተው ጊታር ሦስተኛውን ዘፈን ጀመረ። አንድ ዙር ዞረ። ሃርሞኒካው የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ማንም አልገባም። ጊታሩ ግራ ተጋብቶ እንደገና ዞረ።

ኦዜላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

መኪናው አመሻሽ ላይ ተመለሰ። በመስኮት መጀመሪያ ያየችው የጭነቱን ቦታ ነው። ገመዱ እንደተጠቀለለ ነበር፤ ሌላ ምንም የለም።

ሚስተር ቶርንዌል ገባ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«እኔ ዶሮ ስጠብስ ነበር፣ ጌታዬ። አክስቲቱንም አላውቃት።»

ያኔ ነው ያየችው፦ ጥቁሩ የስልክ መያዣ ላይ አራት ነጫጭ የዱቄት ጣት አሻራዎች። ሰውየው ወደዚያው እየሄደ ነበር። ኦዜላ መብራት የምታበራ መስላ ቀደመችው፤ በሽርጧ ጠርጋ አለፈች። እሱ ስልኩን አንሥቶ ከአንዱ ጎረቤቱ ጋር ስለ ዝናብ አወራ።

በኦክቶበር መጨረሻ በቤተ ክርስቲያኗ አድራሻ ከቺካጎ ፖስታ መጣ። ስም የለበትም፤ ውስጡ የባቡር ቲኬትና በእርሳስ የተሳለ ውሻ ነበር። እሑድ ለጸሎት እንደምትሄድ ለብሳ ወጣች፤ ሁለተኛ አልተመለሰችም።

ሊዮተስ ቺካጎ ውስጥ በቢግ ዊሎው ስም አንድ ሸክላ አስቀረጸ፤ በፊትና በጀርባው ሁለት ዘፈን። ቀራጩ ውሾቹን እንዲነፋለት ቢለምነው እንቢ አለ። ከዚያ ወዲያ በብረት ፋብሪካ ሠርቶ ኖረ። እየበላ ሳለ ከመንገድ ውሻ ሲጮህ ከሰማ ማንኪያውን ያስቀምጣል።

«የጎረቤታችን የሚስ ኤታ ውሻ ነው» ትለዋለች ኦዜላ። «ብላ።»

ያኔ ይበላል።

ማርች 2፣ 1971 ሞተ። ከዚያ በኋላ ውሻ ሲጮህ ማንኪያዋን የምታስቀምጠው ኦዜላ ሆነች። «ብዪ» የሚላት ግን አልነበረም።