አያ ታከለን የፓርቲ መሪ ያደረግሁ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ "አባዬ፣ በጨዋታዬ ውስጥ ፓርቲ መሥርቻለሁ። መሪ የሚሆን ግርማ ያለው ሽማግሌ እፈልጋለሁ፤ የአያቴን ፎቶ ላድርገው?" አለችኝ።

"አይሆንም!" አልኳት። ድምፄ እኔንም አስደነገጠኝ። እናቷ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "ምን ነካህ? ፎቶ ነው እኮ የጠየቀችህ" አለች። መልሱ ሃያ ዓመት ገደማ ሆዴ ውስጥ የከረመ ስለሆነ ከየት እንደምጀምረው አላወቅሁም።

ያን ጊዜ ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቄ መተማ ላይ ምደባ እጠብቅ ነበር። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንደሚባለው፣ እኔም ጠዋት ፉሌን በዳቦ በልቼ ቀኑን ሙሉ ጓደኛዬ ቢኒያም ኢንተርኔት ቤት እጎለት ነበር። ሦስት ኮምፒውተር፣ ሙቀቱን ከማእዘን ወደ ማእዘን ከማዞር በቀር ፋይዳ የሌለው አንድ ቬንትሌተር፣ በበረዶ የቀዘቀዘ ከርከዴ። በር ላይ ከሽንፋና ከአብርሃ ጅራ ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች ያልፋሉ፤ አቧራቸው ገብቶ የኮምፒውተሩ ፊደሎች መሐል ይተኛል።

ቢኒያም ነው ጨዋታውን ያሳየኝ። በምድር ላይ የሌለ አገር ነው። ከየዓለሙ የተሰበሰቡ ተጫዋቾች ፓርቲ ይመሠርታሉ፣ ይከራከራሉ፣ በየወሩ ምርጫ ይካሄዳል። ሁሉም ለውጥ፣ ለውጥ ይላል። ባዶ የነበረው የወግ አጥባቂዎች ወንበር ብቻ ነበርና እኛ ያዝነው፤ እምነት ኖሮን ሳይሆን ሰው ስላልነበረበት ነው። ስሙንም "የነባር ወግ ፓርቲ" አልነው።

ችግሩ፣ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበርና ስለ ነባር ወግ የማውቀው ነገር አልነበረም። አያ ታከለን ያስታወስኩት ያኔ ነው። አያ ታከለ ሽንፋ ላይ የአባቴ የእርሻ ጎረቤት ነበሩ። በወጣትነታቸው ከዳባት ወርደው፣ ጫካ መንጥረው ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ ሰው ነበሩ። የሚታወቁት ግን በእርሻቸው አይደለም፤ ደም በማድረቅ ነው። ሰው ተገዳድሎ ሁለት ቤተሰብ ሲፈላለግ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ቤተሰቦቼን ልጠይቅ በወረድኩ ቁጥር፣ ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው በቆመበት ማሳ ዳር እየተቀመጥኩ አስወራቸው ጀመር። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ "አዲሱን ድልድይ ሳትሻገርበት አሮጌውን አታፍርስ። እኔ ያልኩት ነው፤ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም።" ብለው ሳቁ። ፎቶም አነሳኋቸው። "ለምንህ ነው?" ሲሉኝ፣ "ለማስታወሻ" አልኳቸው። ዋሸሁ።

ቃላቸውን እንደምንም ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ከፎቶው ጋር በመሪነት ለጠፍኩት። ፈረንጆቹ አበዱ! "እኚህ ሰው ማናቸው?" የማይል አልነበረም። በሁለተኛው ምርጫ አሸነፍን። ቢኒያም በደስታ አንድ ትልቅ ወረቀት አተመ፤ ጽሑፉን በአማርኛ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የአያ ታከለ ፎቶ፣ ከሥሩ ስማቸው፣ "መሪያችን" የሚል ቃል፣ የፓርቲው ስም፣ የድልድዩ አባባል። ደንበኛ ይስባል ብለን በሩ ላይ ለጠፍነው። ጨዋታ መሆኑን የሚናገር አንድም ቃል አልነበረበትም። እኛ እያወቅነው ለማን እንጽፈው?

አያ ታከለ ደግሞ ከዚያ በፊት ጀምሮ ከባድ ነገር ይዘው ነበር። አየነው አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ፣ ትራክተር ድንበር አልፎ አረሰ በሚል ጠብ ሰው ገድሎ ታስሯል። የሟች ወገን ዓይኑን የጣለው ታዲያ አየነው ላይ ነው። ምንም ያላደረገው አየነው አብደራፊ ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ እየሠራ ይደበቅ ነበር። እናቱ እማማ ይርገዱ አንዱን ልጃቸውን እስር ቤት እየሄዱ ያዩታል፤ ሌላውን ግን ማየት አይችሉም። አያ ታከለ ሁለት ዓመት ተመላልሰው በዚያው ሰሞን የእርቁን ቀን አስቆረጡ፤ የኅዳር ሚካኤል ማግስት።

እኔም ሄድኩ። ካህናቱ መስቀል ይዘው ትልቁ ሾላ ሥር ተቀምጠዋል፣ የሚታረደው በሬ ታስሯል። አየነው እንደ ወጉ የሚሸከመውን ድንጋይ እግሩ ሥር አድርጎ ራቅ ብሎ ቆሟል። ከስቶ ነበር፤ ሲያየኝ ግን በዓይኑ ሳቀልኝ። እናቱ አሥር እርምጃ ያህል ርቀው ተቀምጠዋል። ደሙ እስኪደርቅ መጠጋት አይፈቀድላቸውም።

ሥርዓቱ ከመጀመሩ በፊት የሟች አጎት ተነሣ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከቢኒያም በር ላይ የተገነጠለው ነበር።

"አያ ታከለ፣ እርስዎን ያመንነው ወገን የለዎትም ብለን ነው። ይኸው የፓርቲ መሪ ሆነዋል። ወገን የያዘ ሰው እንዴት አድርጎ የእኛን ደም ያደርቃል?"

አያ ታከለ ተቀብለው አነበቡት። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ዝግ ብለው ነው የሚያነቡት። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ያንን ቃል የነገሩት ለእኔ ብቻ ነው። ቀና ብለው በሰዉ መሐል ፈለጉኝ፤ አገኙኝም።

"ፊቱ የኔ ነው። ቃሉም የኔ ነው" አሉ።

"ታዲያ ፓርቲ ገብተዋል ማለት ነው?"

"ሽማግሌ ስለ ራሱ አይከራከርም። የሚያውቅ ካለ ግን ይናገር።"

ጠበቁ። እኔን ነበር የሚጠብቁት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ "ጨዋታ ነው፣ የሠራሁት እኔ ነኝ" ማለት። የሟች ወንድሞች ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመዋል። መፍራቴን አልክድም። ከፍርሃቱ የባሰው ግን ኀፍረቱ ነው። ሰው በሞተበት፣ እናት በምታለቅስበት ቦታ "ጨዋታ" የሚለውን ቃል ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። መሬት መሬት አየሁ።

ስሜን ቢጠሩ ክብራቸው ይተርፍ ነበር። የዚያ ሁሉ ሰው ቁጣ ግን እኔ ላይ ይወርዳል። አልጠሩትም። ጭራቸውን አንሥተው፣ "እንግዲህ ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ" ብለው ሄዱ። እኛ ዘንድ አንዱ ወገን አላምንህም ያለው ሽማግሌ ተመልሶ አይቀመጥም፤ ሌላ የሚተካም አልተገኘም። እማማ ይርገዱ "አያ ታከለ! አያ ታከለ!" እያሉ ጥቂት ተከተሏቸው። አየነው በዚያው ሳምንት ድንበር ተሻገረ። ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ታየ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም።

አያ ታከለ እስኪሞቱ ድረስ ለሽምግልና አልተጠሩም። ነባር ወግ ይጠበቅ ብዬ ፓርቲ የመሠረትኩት ሰውዬ፣ እውነተኛውን ወግ በአንድ ወረቀት አፈረስኩት። አንድ ክረምት ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄጄ ማሽላቸውን ሲያርሙ አገኘኋቸው። ገና አፌን ሳልከፍት፣ "ልጄ፣ ለእኔ አትናገር። እኔ አውቄዋለሁ። የማያውቁት አሉ" አሉኝ። ነገሩ ገብቶኛል፤ እንዳልገባኝ ሆኜ አብሬያቸው ሳር ነቀልኩ።

የማያውቁት እማማ ይርገዱ ናቸው። ትልቁ ልጃቸው እስሩን ጨርሶ ወጥቶ ሩቅ አገር ይኖራል። እሳቸው ዛሬም እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይስሙኛል። "አንተ የአየነው እኩያ ነህ፤ አንተን ሳይ እሱ ስንት ዓመት እንደሆነው አውቃለሁ" ይሉኛል። ባለፈው እሑድ ሽበቴን ዳስሰው፣ "እሱም ሸብቷል ማለት ነው" አሉ። እኔም "አዎ፣ ሸብቷል" አልኳቸው፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ይህን ጽፌ ስጨርስ እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። አላልኩም። የማያውቀኝ ሰው ቢያነበው ምን ይጠቅማል? ሊያውቁት የሚገባቸው እማማ ይርገዱ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ፊደል አልቆጠሩም። ሄጄ፣ ፊታቸው ተቀምጬ፣ በራሴ አፍ ማንበብ አለብኝ።