የሞገዱን ጫፍ ዝቅ ያደረግንበት ክረምት

ጉብሬ ባለው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። ባለቤቴ ሥራው ሩቅ አገር ስለነበር፣ ቡታጅራ ጨርቅ የምትሸጠው ታላቅ እህቴ ሱቋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ መጣች። "አራስ ብቻዋን አትሆንም" አለች፤ ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም። በአንዲት የኪራይ ክፍል ሦስት ሆነን ክረምቱን ተያያዝነው።

አንድ ቀን ሕፃኑን እያባበለች፣ "ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ የተተከልሽበት ነገር ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ስልክሽ መልእክቱን ከፋፍሎ በብዙ ትንንሽ ሞገዶች ነው የሚልከው። አንዳንዴ ሁሉም በአንድ ጊዜ እኩል ከፍ ይሉና ተደምረው በጣም ረጅም ጫፍ ይሠራሉ። ሞገዱን የሚያጎላው የስልኩ ማጉያ ያን መሸከም ያቅተውና ጫፉን ይቆርጠዋል፤ መልእክቱ ይበላሻል።"

"ትልቅ ማጉያ አያደርጉለትም?"

"ትልቁ ባትሪ ይጨርሳል። እኔ የምፈልገው ሞገዶቹ ከመላካቸው በፊት መነሻቸውን ትንሽ ትንሽ አዛንፌ፣ እኩል ከፍ እንዳይሉ ማድረግ ነው።"

"ታዲያ አዛንፊው!" ብላ ሳቀች።

የትኛው አነሳስ እንደሚሻል ለማወቅ ግን ኮምፒውተሩ ስፍር ቁጥር የሌለው ቅንብር መሞከር ነበረበት። ላፕቶፔ ባትሪው የሞተ አሮጌ፣ መብራቱ ሄድ መጣ የሚል። ሥራው ሊያልቅ ሲል ይጠፋል፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ልጄን ትኩሳት የያዘው ሳምንት ጨርሶ ተስፋ ቆረጥኩና ለጥናቴ አማካሪ ደውዬ ትምህርቱን ላቋርጥ መሆኔን ነገርኳቸው።

አማካሪዬ ከጎንደር መጥተው ጉብሬ የቀሩ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። በማግስቱ በጭቃው መጡ። እህቴ በርጩማ አቀረበችላቸው። ስለ ማቋረጤ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ "ሕፃኑን ስጪኝ" አሉና ታቀፉት። "በይ አሁን ኮዱን ክፈቺ።"

ከትከሻዬ በላይ እያዩ፣ "እያንዳንዱን ሞገድ ለብቻ ለምን ታዛንፊያለሽ? በቡድን በቡድን አድርጊና የቡድኑን መነሻ ብቻ ቀያይሪ። በየመሃሉ ውጤቱን ያስቀምጥ፤ መብራት ቢሄድም ካቆመበት ይቀጥላል" አሉኝ። ይህን ሲሉ ልጄ ሸሚዛቸው ላይ አስመለሰ። እህቴ በሐፍረት ፎጣ ይዛ ስትሮጥ፣ "ተይው፣ እኔም አራት አሳድጌያለሁ" አሏት።

ሥራው ከዚያ በኋላ ተራመደ። ጫፉ በእርግጥ ዝቅ ማለቱን ግራፉ ላይ ያየሁ ዕለት እህቴን ጠራኋት። መስመሮቹ ምን እንደሚሉ ባታውቅም "አልሃምዱሊላህ!" ብላ እልልታዋን ስታቀልጠው ልጁ ባንኖ ተነሳ፤ ሦስታችንም አለቀስን።

እህቴ ወደ ሱቋ የተመለሰችው ከተመረቅኩ በኋላ ነው። ደንበኞቿ ወደ ሌላ ሄደው ስለነበር እንደ አዲስ ነው የጀመረችው። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ላመሰግናት ስል፣ "ሂጂ ወዲያ፣ እህት አይደለሁ እንዴ?" ትለኛለች።

እኔ አሁን አስተምራለሁ። በቅርቡ አማካሪዬን ወልቂጤ መናኸሪያ አገኘኋቸው፤ ጡረታ ወጥተዋል። የልቤን ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ "ልጁስ?" አሉኝ።

"ትምህርት ቤት ገባ፣ ዶክተር።"

ፊታቸው በራ። ሻንጣቸውን ተቀብዬ እስከ ሚኒባሱ ሸኘኋቸው።